ጠብቆ የተነበበው «አለ»

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ነበር። ወንበሮቹ አሁንም አልወጡም፤ ጥግ ላይ ተደራርበው የክበቡን አባላት መስለው ተቀምጠዋል። ከእነሱ ሌላ ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያና አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ ነው። ውጭ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሞንታርቦ ግን የዋዛ አይደለም። አጥሩን ተሻግሮ ዳቦ ቤቱን፣ ልብስ ስፌቱንና ጎማ ጠጋኙን ያዳርሳል። ሰፈሩ ሁሉ ሳይመዘገብ የሚማረው በእሱ ነው።

ዜና አንባቢዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጡሩንባ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ምቀኛ ቢሆንም እሷ እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። ማይክ ፊት ስትቀመጥ ተራ ወሬ የሚባል ነገር አታውቅም። የጠፋ ካልሲ ስታስነግር እንኳ የሰው ልብ ይሰቀላል።

የዚያን ማክሰኞም በረፍት ሰዓት እንደ ልማዷ ጀመረች። አሥራ አንደኛ ክፍል በመረብ ኳስ አሥረኛ ክፍልን አሸነፈ፤ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከቤተ መጻሕፍት የፊዚክስ መጽሐፍ ተውሶ አርባኛውን ገጽ የገነጠለ ተማሪ፣ ማንነቱ ስለታወቀ ስሙ ሳይጠራ ገጹን ይመልስ ተባለ። የባዮሎጂ ቤተ ሙከራው አጽም የጠፋች የግራ ጣቱ ተገኘች። ከዚያ ተማሪው ሁሉ የሚወደው «ቤታችን ምን ተባለ» ቀጠለ።

ይህ ዝግጅት ቀላል ነው። ተማሪዎች ቤት ውስጥ የሰሙትን አንድ ደህና ቃል ጽፈው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ጡሩንባ ታነበዋለች። «እናቴ እንዲህ አለች» ወይም «አያቴ እንዲህ አለ» ብሎ ነው የሚጀመረው። ጽሑፉን አስቀድማ ማየት ነበረባት። የክበቡ ኃላፊ፣ የአማርኛው መምህር፣ ይህንን ስንት ጊዜ ነግረዋታል! እሷ ግን ከሳጥኑ አውጥቶ ትኩስ ትኩሱን ማንበብ ነው የሚጥማት።

ወረቀቱን ዘረጋች። የባለቤቱን ስም አነበበች፤ የዘጠነኛ ሐ ተማሪ ናት። ከስሙ ሥር ለብቻው፣ በትልልቅ ፊደል፣ «አባቴ አለ» የሚል መስመር ቆሟል። ሌላው ጽሑፍ ከታች፣ ራቅ ብሎ ነው። «እንዲህ» የምትለዋ ቃል የለችም።

ጡሩንባ ብቻውን የቆመ መስመር ስታይ ያዝ ያደርጋታል። ድምጿን ዝቅ፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከዚያ «ለ»ን ጥብቅ፣ ጥርቅም አድርጋ፣

«አባቴ... አለ!» አለች።

እንግዲህ ፊደላችን ይህ ዓመል አለበት። ቃሉ ላልቶ ሲነበብ አባትየው ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን አባትየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው።

ማጉያው ላይ የሚቀመጠው ልጅ፣ «ፊውዝ» የሚሉት፣ ተስፈንጥሮ የማጉያውን ሶኬት ነቀለው። ሞንታርቦው ጭጭ አለ።

«ምነው? አበድክ?»

«አባቷ እኮ ሞቷል! ቧንቧ ሠሪው! አምና አይደል እንዴ?»

ጡሩንባ በመስኮት አየች። ያ ሁሉ የሚንጫጫ ግቢ ቀጥ ብሏል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ደረጃው ላይ ወደተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ዞረዋል። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና ወደ ክፍሏ ገባች። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በሞንታርቦ የወጣማ አፋፉንም ተሻግሯል። ጡሩንባ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

መምህሩ እያለከለኩ ደረሱ። «ላልቶ! ላልቶ ነው የሚነበበው!» ብለው ከተሰበሩት ወንበሮች ባንዱ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ፊውዝ ደገፋቸው። ተማሪው በስውር «ጋሽ ጠበቅ» የሚላቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ማጥበቅና ማላላት በመጮኻቸው ነው። የክበቡን ሕግም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ስሕተት በማግሥቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አፍ ይታረማል።

«ነገ እርማት ታነቢያለሽ።»

«ምን ብዬ ቲቸር?»

እርማቱ አንድ ነው፤ «አለ» ያልነው የለም ማለት። ያቺን ልጅ አምና ያገኛትን ነገር፣ ለዚያውም በሞንታርቦ፣ እንደገና ማርዳት ነው።

«ሄደሽ ራሷን ጠይቂያት» አሉ መምህሩ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ላልቶ። «እሷ ያለችውን እናነባለን።»

ጡሩንባ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ጠበቀቻት። ሰው ፊት ለመናገር ቃል ሲያጥራት የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቧ መራመድ ጀመረችና «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ አለቻት።

«እኔም ‹እንዲህ›ን ረስቻታለሁ» አለች ልጅቷ። ድምጿ ለመስማት ጎንበስ የሚያስደርግ ነው። «እማዬም ሰምታለች። ሱቋ አጥሩ ፊት ለፊት ነው።»

ጡሩንባ ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለች፤ የደንብ ልብሷን ያጠበበችላት እሷ ናት። «ተቆጣች?»

«የት ትቆጣለች!» ልጅቷ ቆመች። «ድሮ ስትቆጣ ጎማ ጠጋኙ ጋ ይሰማ ነበር። አባዬ ካረፈ ወዲህ አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ባለፈው ሰሃን ስሰብር ‹ደህና ነው የኔ ልጅ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ከፋ?»

«እንግዳ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። እሷ እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ስለ አባዬ አታነሳም። እኔም እሷን እንዳይከፋት አላነሳም። እራት በልተን እንተኛለን።» ጫማዋን እያየች ቀጠለች። «ወረቀቱን የጻፍኩት እሷ እንድትሰማው ነበር። ፊት ለፊት አቃተኝ። በሞንታርቦ ሲሆን ይቀላል ብዬ...»

ጡሩንባ አሁን ነው የገባት። እሷ ያበላሸችው አንድ ቃል መስሏት ነበር። ለካ ልጅቷ ለእናቷ የላከችውን መልእክት ነው መንገድ ላይ የጣለችው። ወረቀቱ አሁንም ኪሷ ውስጥ አለ፤ ከደነገጠች ወዲህ የታችኛውን ጽሑፍ ለማየት እንኳ ድፍረት አላገኘችም።

ልብስ ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጡሩንባ ይህንን ስታይ ልትመለስ ቃጣት። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማ ጠጋኙ በሩን ተደግፏል፤ አንዲት ደንበኛ ሱሪዋን ታቅፋ ቆማለች። ሰው የሰማውን ካላጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዱ ምን ማለታቸው ነው ሊል መጣ፣ ሌላው ሊያጽናና መጣ፣ መጥተውም ቀሩ። ዳቦ ጋጋሪው የሟቹን ቧንቧ ሠሪ ወሬ ይዟል።

«‹አሁን ክፈተው› ሲለኝ ከፈትኩት። ውሃው በቧንቧው መምጣቱን ትቶ በጣራ መጣ! አምስት ኬሻ ዱቄት ቡኮ ሆነ። እሱ ሆዬ መሰላሉ ላይ ቆሞ ‹እንግዲህ ዛሬ ማቡኪያ አያስፈልግህም› አይለኝም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ እያነባ ትስቃለች። ልጆቹን ስታይ ሳቋን ገታች።

«እትዬ፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች ጡሩንባ። «ላልቶ ነበር የሚነበበው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቄያለሁ» አለች ሴትዮዋ። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ከሞተ ጀምሮ ሰው እኔ ጋ ሲደርስ ወሬ ይቀይራል። ስሙን ከጠሩብኝ የምሰበር ይመስላቸዋል። ዛሬ ገና ጠሩልኝ።»

«ነገ ግን እርማት አንብቢ ተብያለሁ። ‹የለም› ማለት ነው ያለብኝ። አልችልም እትዬ፣ አፌ እምቢ ይለኛል።»

ሴትዮዋ ግን ልጇን ነው የምታየው።

«ላልቶ ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ምን አለ?»

ጡሩንባ ወረቀቱን አወጣች። ይህን የመሰለ ጽሑፍ፣ ይህን የመሰለ ጸጥታ አግኝታ ሳታነብ ቀርታ አታውቅም። ምላሷን ነክሳ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ልጅቷ አነበበች። ዳቦ ጋጋሪው ለመስማት ከነበርጩማው ተጠጋ።

«አባቴ አለ፦ እናትሽ ስትቆጣ አትመልሺላት። ዝም ብለሽ ስሚያት። ስትጨርስ ሄደሽ ትኩስ ዳቦ ግዢላት፤ ቁጣ ሲወጣላት ይርባታል፣ መራቧን ግን አታውቀውም። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩት በዳቦ ነው።»

«እኔስ ያ ሁሉ ዳቦ የት ይገባል እል ነበር!» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ጭኑን መታ።

ሌላ የሳቀ የለም። ልብስ ሰፊዋ መዘውሩን ለቀቀች።

«እኔን ነው?» አለች። «ይሄንን ነው በሞንታርቦ ልታስነግሪብኝ የነበረው? ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ?» ድምጿ እንደ ቆየ ሞተር አንዴ ተንተፋተፈ፤ ከዚያ ተነሳ። «በዳቦ ነው የኖርኩት? አሥራ ስምንት ዓመት ወዶ እየመጣ መስሎኝ፣ ለካ ዳቦ ይዞ በር ላይ እስክጨርስ ሲጠብቅ ነው! አንተስ ምን ያስቅሃል? ዱቄትህን አራግፍ፣ የሰው ልብስ ነው! አንቺ ደግሞ! ያ ሰሃን! የሰርጌ ሰሃን ነበር እኮ! ስንት ጊዜ በሁለት እጅሽ ያዢ ብዬሻለሁ?»

ጎማ ጠጋኙ ከበሩ ወደ ኋላ አለ። ሴትዮዋ ወደ ጡሩንባ ዞረች።

«አንቺም ብትሆኚ! ግማሽ ወሬ ይዘሽ ምን ያስጮኽሻል? እርማት ብሎ ነገር አላውቅም! ነገ ከላይ እስከ ታች ታነቢዋለሽ፣ ላላም ጠበቀም! ይስሙኝ! እዚህ ቤት ማን እንደነበረ ይወቁ!»

ልጅቷ አልመለሰችላትም። እጇን አጣምራ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ዝም ብላ ሰማቻት። ሰሃኑ አልቆ ወደ ካልሲው ሲገባ፣ ካልሲው አልቆ ወደ ሒሳብ ፈተናው ሲታለፍ ሰማቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው ነገሩ ገብቶት ከኋላዋ ብድግ አለ፤ ጡሩንባም ተከተለቻቸው።

የእናትየው ድምፅ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጎማ ጠጋኙ ጋ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ይደርሳል። ያለ ማጉያ ነው።

«ሩጪ እንጂ!» አለቻት ጡሩንባ።

«ቆይ» አለች ልጅቷ። «ገና አልጨረሰችም።»

መንገዱ ዳር ቆማ ትንሽ ሰማች።