አፏን የታሰረች ቦይለር

የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የጎረቤቴ ላውንደሪ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። በዚህ በኩል እኔ ክር አንጠለጥላለሁ፤ በዚያ በኩል እሱ እንፋሎት ያፈላል። ትክክለኛ ስሙን እናቱ ያውቁታል፤ ሰፈሩ ግን «መጣሁ» ነው የሚለው። ስልክ ሲጠራ «መጣሁ!»፣ ደንበኛ ሲያንኳኳ «መጣሁ!»፣ ሚስቱ ምሳው ቀዘቀዘ ስትለው «መጣሁ!» ይላል። ሲመጣ ያየው የለም። ሰነፍ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሩጫማ ሩጫ ነው! ችግሩ የሥራ ደንቡ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ የጮኸ መጀመሪያ ይስተናገዳል። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ነገር እሱ ዘንድ ወረፋ አይደርሰውም።

ከሚጮኹበት ሁሉ የባሰችው እንፋሎት የምታፈላለት ቦይለሯ ነበረች። እሳቷ በራሱ መጥፋቱን ከተወ ሰንብቷል። እንፋሎቱ ሲበዛባት ማስተንፈሻዋ ይከፈትና ታፏጫለች፤ እሱም ሮጦ ጋዙን በእጁ ይቀንሳል። «አስጠግናት እንጂ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» ስለው፣ «እትዬ ትሙት፣ ይህን የሆቴል አንሶላ ላስረክብና!» ይለኛል። አንሶላውን ደግሞ አስረክቦ አይጨርስም።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ሳለሁ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ፉጨቷ! ከጠዋት ጀምሮ አልሰማኋትም። «እሰይ፣ አስጠገናት» ብዬ ደስ እያለኝ ስፌቴን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተሰቀለው ትልቁ መቀሴ ቅጭልጭል ማለት ጀመረ። የነካው ሰው የለም። ግድግዳውን በመዳፌ ብነካው ሞቋል፤ ከውስጡም ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ክው አልኩ። ቀሚሱን ወለል ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል፤ አንድ ስልክ በጆሮው፣ አንድ ስልክ ፊት ለፊቱ።

«አንተ፣ ፉጨቷ የት ገባች?»

የስልኩን አፍ በመዳፉ ከድኖ ሳቀ። «አፏን አሰርኳታ፣ እትዬ! የሆቴሉ ሰውዬ ሲያናግረኝ ድምፁን ትውጥብኛለች። በሽቦ ጥፍር አደረግኳት። እሁድ ጠጋኝ አመጣላታለሁ።»

«ጋዙን መቼ ቀነስክ?»

«ስታፏጭ ነዋ የምቀን...» አለና ቦይለሯ ወዳለችበት ዞረ።

ሁለታችንም ገርበብ ባለው የውስጥ በር አየን። የቦይለሯ የእንፋሎት መለኪያ መርፌ ቀዩን መስመር አልፋ መጨረሻው ላይ ተጣብቃለች። ከስሯ ሰማያዊው እሳት ይነድዳል። ከአጠገቧ ደግሞ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ እናቱ አንሶላ ያጥፋሉ። እማማን ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ቤት ቢፈርስ አቧራውን ካላዩ አያውቁም።

ስልኩ ጠራ። ይህ ሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እጁን ወደ ስልኩ ላከ! ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ጋዙ፣ መልሶ ወደ ስልኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለሁሉም መጣሁ ሲል የኖረ ሰው ለአንዱ መሄድ አቅቶት እግሩ ተተከለ።

«እማማን ለእኔ ተዋቸው!» አልኩት። «አንተ ጋዙን ብቻ! ሌላ ምንም!»

ጀግና መስዬ እንዳልታያችሁ፤ እሱን በጀርባው እየገፋሁ፣ ከኋላው ተሸሽጌ ነው። ብቻ ገባን።

ውስጥ አየሩ ፊት ይልጣል። ቦይለሯ አትጮህም፤ ጥርሷን ነክሳ እንደምትቆጣ ሰው ታጉረመርማለች። የእማማን ትከሻ ያዝኩ። ዞረው ፈገግ አሉ።

«ይውጡ፣ እማማ! ይውጡ!»

«በሰዓቱ መጣሽ፣ ልጄ። እቺን ጫፍ ያዥልኝማ። ለብቻዬ እጄ አልበቃ አለኝ።»

ጎተትኳቸው፤ እግራቸውን አጸኑ። የታጠበ አንሶላ ጥለው ሊሄዱ? ሞተው ነው! አመላቸውን አውቃለሁ፤ ንጹሕ አንሶላ መሬት ከሚነካ ሰማይ ቢወድቅ ይሻላቸዋል። ጫፉን ያዝኩ። ይዤም ወደ በሩ አፈገፈግኩ። አንሶላው መሬት እንዳይነካ ሌላውን ጫፍ ከፍ አድርገው ተከተሉኝ። «ወዴት ነሽ አንቺ ልጅ? ይኼ እኮ ቆሞ ነው የሚታጠፈው!» እያሉ፣ እኔ የኋሊት እሳቸው ወደ ፊት፣ መኪና እያስቆምን ከመንገዱ ማዶ ደረስን። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ምነው፣ ማስጫ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብን።

ልጃቸው ግን አልወጣም።

እማማ ፊቴን ያዩት ያን ጊዜ ነው። «ልጄስ?» አሉ። አንሶላው ከእጃቸው አመለጠ፤ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ጎንበስም አላሉ።

የላውንደሪው በር እንደተከፈተ አፍ ወለል ብሏል። ውስጥ ስልኩ ይጠራል፤ ያቆማል፤ ይጠራል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ብቅ አለ። የጋዙ መዝጊያ መዳፉን ጠብሶታል።

«ዘጋሁት» አለ። «ሽቦውን ግን አልነካሁም። ፈራሁ።»

«ደግ አደረግክ፤ እንፋሎቱ ይልጥህ ነበር።»

እናቱ በጥፊ ሊሉት እጃቸውን አነሱና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

እሳቱ ጠፋ ማለት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። እስክትበርድ ማዶ ቆመን ጠበቅን። ብረቷ ቋ ባለ ቁጥር እኔና እሱ አብረን እንደነግጣለን፤ እማማ ደግሞ እኛን አይተው ይደነግጣሉ። ስልኩ እንደገና ጠራ። «መጣ...» ብሎ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ። እማማ ጥሪውን አልሰሙም፤ እግሩን ግን አዩ። ሸሚዙን ከኋላ ጨምድደው ያዙት። ቆመ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ደከመው።

ጠጋኙ እሁድን አልጠበቀም፤ በዚያው ቀን መጣ። ሽቦውን ቆርጦ እያገላበጠ፣ «ማነው ይኼን ያሰረው?» ሲል ጎረቤቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔም ወለል ላይ የጣልኩትን ቀሚስ ላነሳ ሄድኩ።

አሁን ጠዋት ስልኮቹን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍና መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይሄዳል። እሳቷን ለኩሶ፣ እንፋሎት ስትይዝ፣ ማስተንፈሻዋን አንስቶ አንዴ ያስፏጫታል። ለሰው በር የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። የሆቴሉ ሰውዬ ተቆጥቶ ነበር፤ ለመደ። «መጣሁ» የሚለውን ስም ግን ሰፈሩ አልተወለትም፤ እኔም ብሆን ምን በወጣኝ።

እኔማ ያቺን ፉጨት ሳልሰማ ጨርቅ አልቆርጥም። አንዳንድ ጠዋት ትዘገያለች። ያኔ እግሬን ከስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ አነሳና ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን መቀሴን አየዋለሁ።