አለቃው የሰጠው ፈቃድ

ትልቋ አክስት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሻርፓቸውን አስተካከሉ፤ ጉሯሯቸውን ጠረጉ፤ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና የመንግሥት መግለጫ በሚነበብበት ድምፅ፦

«ስኳር አልቋል» አሉ።

ለቀስተኛው በሙሉ አንገቱን ደፋ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ነገሩን ከሟቹ ጋር አያይዘውት ይሁን ምን፣ «የማያልቅ ምን አለ» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

ሟቹ የአክስትየው ታናሽ ወንድም ናቸው። ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ወንድ ልጃቸው፣ አርባ አንድ ዓመት የሞላው ሚዛን ጠጋኝ፣ ስኳር የሚለውን ቃል ሲሰማ ብድግ አለ። ከትናንት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ስለ ተቀመጠ ሱቅ ደርሶ መምጣት እንደ ሽርሽር ታይቶት ነበር። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ግን ከየአቅጣጫው እጅ ተዘርግቶ መልሶ አስቀመጠው። የሐዘኑ ባለቤት ስኳር ሲገዛ ቢታይ ሰው ምን ይላል? ጎረቤታቸው ታክሲ ነጂው ሄደ።

አክስትየው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት። የልጁ አለቃ ሐዘኑን ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ፈቃድ እንደ ሰጠው፣ በስልክም እንዳለቀሰ፣ እንዲህ ያለ አለቃ በዚህ ዘመን በፋኖስ ተፈልጎ እንደማይገኝ አስረዱ። ለቀስተኛው አለቃውን በየተራ መረቀ። አንዲት ሴትዮ የአለቃው እናት በሕይወት ካሉ እሳቸውንም መመረቅ እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

ልጁ የሻይ ብርጭቆውን ይመለከት ነበር። አለቃው ወርክሾፑን ከዘጋ አራት ወሩ ነው። ሲሰበር የሚጣል እንጂ የሚጠገን ያልሆነ የኤሌክትሪክ ሚዛን ገበያውን ሲሞላው፣ መፍቻዎቹን ሸጦ የራሱ ልጅ ወዳለበት ሌላ ከተማ ሄዷል፤ እዚያ ዶሮ ያረባል ይባላል። ፈቃዱን ለቤተ ሰቡ ያወራው ልጁ ራሱ ነው። ለቅሶውን ግን አልጨመረም፤ እሱ የአክስቱ ጭማሪ ነው።

በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበር። ነገ፣ ዓርብ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከተማው ዳር ባለው ዳቦ ፋብሪካ ለፈተና እንዲቀርብ ያዛል። ፋብሪካው የዱቄት ከረጢት የሚመዝንበት የድሮ ትልቅ ሚዛን አለው፤ ሲጠግነው የኖረው ሰው ጡረታ ወጥቷል። በሰዓቱ ያልተገኘ ተወዳዳሪ እንደ ቀረ ይቆጠራል ይላል ደብዳቤው፤ ይሄኛው መስመር ከሥሩ ተሰምሮበታል። እንዲህ ያለውን ሚዛን መፍታትና መልሶ መግጠም የሚችል ሰው በከተማው ቢበዛ ሦስት ቢገኝ ነው፤ አንደኛው እሱ ነው። ይህን የሚያስበው ለጉራ አይደለም፤ ሁለቱን ያስተማራቸው እሱ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ፈተናው አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው መሄዱ ነው። ከአባቱ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ለመሄድ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ ሥራ እንደሌለው እናቱ ትሰማለች። እናቱ የደም ግፊት አለባት። በዚያ ቤት ግፊቱ እንደ አንድ ሹም ነበር፤ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ቀርቦ ነው ወደ እሷ የሚገባው። የልጁ ወሬ አራት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሟል።

*

ሥራውን ያጣ ሰሞን እንደ ልማዱ በሁለት ሰዓት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከቤት ይወጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዞ ሲወጣ፣ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አባቱ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። በዚያ ሰዓት አባትየው ክሊኒክ ጉልበታቸውን እየታሹ መሆን ነበረባቸው።

ተያዩ።

«መሥሪያ ቤት ዝግ ነው?» አሉ አባት።

«ተዘግቷል። ጉልበትዎስ?»

«ከዳነ ወር አልፎታል።»

አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ አባትየው ሰዓታቸውን አዩ።

«ቁጭ በል እንግዲህ፤ ዳቦው ይቀዘቅዛል» አሉ አባት።

ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ነገር ቤት ውስጥ አንሥቶ አያውቅም።

አባትየው ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ መኪና ሲያሰማሩ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሰፈሩም «ስምሪት» ነበር የሚላቸው። ጡረታ ሲወጡ የሚያሰማሩት ጠፋ። ቤቱን ሊያሰማሩ ሞከሩ፤ ቤቱ ግን ሚስታቸው እጅ ስለነበር ያለ እሳቸው በሰዓቱ ይሄዳል። ጉልበታቸው የታመመው ያኔ ነው። አሁን ግን አንድ መኪና አገኙ፤ አርባ አንድ ዓመት የሮጠች፣ ሞተሯ ገና ደህና የሆነ።

በአንድ ደብተር ከተማውን በመስመር ከፋፈሉት። ሰኞ ሰሜን፣ ማክሰኞ ፋብሪካዎቹ፣ ረቡዕ ሆስፒታሎች፣ ምክንያቱም ሕፃን ሲወለድም በሚዛን ነው። በጠዋት ሁለት መሥሪያ ቤት እንጂ ሦስት አይፈቅዱም፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰው የለማኝ ፊት ያወጣል ይላሉ። ልጁ ሲገባ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ይቆማሉ። ራሱን እየነቀነቀ ከወጣ፣ ሰዓታቸውን አይተው «ይቺ ሞልታለች፤ ቀጣይዋን ያዝ» ይሉታል። በድምፃቸው ውስጥ ማዘን የሚባል ነገር አልነበረም። ቀጣይ መኪና መኖሩን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

የቀረው ቀን የራሳቸው ነው። ልጁ ለአሥራ ሰባት ዓመት ጠዋት አራት ሰዓትን ያሳለፈው ከአምፖል ሥር ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምን እንደምትመስል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ጋዜጣ ያነባሉ፤ መጀመሪያ ስፖርት፣ ቀጥሎ ክፍት የሥራ ቦታ። የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ቆመው ያያሉ። አባትየው አፈር ጫኚ መኪኖቹ የሚወጡበትን ቅደም ተከተል ጮክ ብለው ሲነቅፉ ሰንብተው፣ አንድ ቀን የሥራው ኃላፊ መጥቶ እስቲ ያሳዩን አላቸው። አሳዩት። ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሹፌሮቹ ጥሩንባ ይነፉላቸው ነበር።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጨዋታ ነበራቸው። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን መዳፋቸው ላይ ያኖራል፤ ስንት ግራም እንደሆነ ይናገራሉ፤ ከዚያ ይመዘናል። ልጁ ከሁለት ግራም በላይ ስቶ አያውቅም። አባትየው ተሳክቶላቸው አያውቅም፤ ግን ሁልጊዜም በሙሉ እምነት ነበር የሚናገሩት፤ ሲሳሳቱም ሚዛኑን ነበር የሚጠረጥሩት። ልጃቸው ሚዛኑን ፈትቶ አጽድቶ ልክ መሆኑን ካሳያቸው በኋላ ዳቦውን ጠረጠሩ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት የአክስት ልጆች ጥግ ይዘው ይንሾካሾኩ ነበር። ሹክሹክታቸው በደንብ ይሰማል።

«ጉልበቱ እኮ እየዳነለት ነበር። አንድ ቀን ከክሊኒክ ቀርቶ አያውቅም።»

«ሲመለስ ፊቱ እንዴት ወዝቶ እንደነበር! ሁለት ጊዜ ዱቄት የመሰለ ነገር ከኮቱ ላይ አራግፌለታለሁ።»

«የሚታሽበት ፓውደር ነዋ።»

ልጁ እንዳይስቅ ዐይኑን ጨፈነ። እንባውን ሊገታ የታገለ መስሏቸው አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሳቁ በዚያ እጅ ሥር መልኩን ለወጠና እውነትም አለቀሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው የሞቱት። ለመውጣት እየተዘጋጁ አንዱን ጫማ አስረው ሁለተኛውን ሳያስሩ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ረቡዕ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ልጁ ነበር። ትከሻው ላይ ሲያርፍ እጁ እንደ ልማዱ መመዘን ጀመረ፤ ሰውየውን ከእንጨቱ ለይቶ ቁጥሩ ላይ ሊደርስ ሲል፣ ልጁ የተሸከሙትን ሰዎች ጫማ መቁጠር ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ነገር ክብደት ማወቅ አልፈለገም።

ማታ አንድያ እህቱ ነጭ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ አንጠለጠለችለት። ማን አዘዘሽ ሲላት፣ የተጨማደደ ሸሚዝ ለለቅሶ አይሆንም ብላ ወጣች።

*

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ሸሚዙን ለበሰ፤ ክራቫቱን በአንገቱ አጠለቀ፤ ክራቫቱ እንዳይታይ ከላይ ጥቁር ሹራብ ደረበ። ሳሎኑ ከማለዳው ሞልቷል። መሐል ላይ ቆመና ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀውን ተናገረ። የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ቁልፍ እሱ ዘንድ ቀርቷል፤ አለቃው በጣም እያፈረ ደውሏል፤ አድርሶ ወዲያው ይመለሳል።

ተቃውሞ ጠብቆ ነበር፤ ለእሱም መልስ ይዟል። ማንም አልተቃወመም። አክስቱ ሂድ፣ ሰው አታስቸግር አሉት። ታክሲ ነጂው ያለ ወትሮው የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል። ይሄ ሁሉ በቀላሉ መሄዱ ልጁን ትንሽ ከነከነው፤ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

በሩ ላይ ሲደርስ የእናቱ ስልክ ጠራ። እናቱ ጆሮዋ ስለማይረዳት ስልኳን ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ተጫነችው።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ» አለ አንድ ጥርት ያለ የወጣት ሴት ድምፅ፤ ሳሎኑን ሞላው። «ከዳቦ ፋብሪካው ነው፣ ከሠራተኛ አስተዳደር። ትናንት በነገሩን መሠረት የልጅዎ ፈተና ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ያው በአራት ሰዓት። ሥራ አስኪያጁም እግዜር ያጽናዎ ብለዋል።»

«እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጄ» አለች እናት።

«ሚዛኑንም እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ልጁ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። ቢያንስ ሃያ ሰው በክፍሉ ውስጥ አለ። የአክስት ልጆቹ አሉ። እህቱ ትሪ ይዛ ቆማለች። አለቃውን የመረቁት ሴትዮ አሉ። ከሁሉም መሐል የምን ፈተና ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

አክስትየው ጉሯሯቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ ሦስት ተኩል ላይ ከዚህ ከተነሣ ይደርሳል» አሉ።

«ሦስት ተሩብ» አለ ታክሲ ነጂው። «ድልድዩ ጋ ይጨናነቃል። እኔ አደርሰዋለሁ።»

እናቱ ሁለቱንም አልሰማቻቸውም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ልጇን በእጇ ጠራችው። መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ኮትህን ማን የሚቦርሽልህ መስሎህ ነው?» አለችው በቀስታ።

«ግፊትሽ...»

«ግፊቴ ደህና ነው። ሁለታችሁም በየማታው ፍርፋሪ አራግፋችሁ ስትገቡ ነው ደህና የሆነው። ያንን ባነሣባችሁ ኖሮ በማግስቱ የት ትሄዱ ነበር?»

ከዚያ ሁለት ጣቷን በሹራቡ አንገት አስገብታ ክራቫቱን ሳበችው። እስከ ሰኞ እንዳይጨማደድ ልትፈታው ነው፤ ጥፍሯን ቋጠሮው ውስጥ አስገባች። እጇ ቆመ። ቋጠሮው ትንሽ፣ ጠበቅ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። አርባ አራት ዓመት በየጠዋቱ በመስታወት ውስጥ ስታየው የኖረችው ቋጠሮ።

«እሱ ነው ያሰረልህ?»

«ሰኞ ለት። ለልምምድ።» ልጁ ክራቫት ማሰር ኖሮበት አያውቅም፤ አባቱ መጀመሪያ በራሳቸው አንገት ላይ አስረው፣ አላልተው፣ እንዳለ ያጠልቁለት ነበር።

እናቱ ጥፍሯን መለሰች። ቋጠሮውን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው የክራቫቱን ቀለበት አሰፋችው፤ በጆሮዎቹ ላይ አሳልፋ፣ ፀጉሩን ሳታበላሽ፣ በራሱ በኩል አወጣችው። ሳትፈታው በራሷ አንገት አጠለቀችውና በሻርፗ ሸፈነችው።