ድስት የሚያሳርር መጽሐፍ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ጡረታ ስወጣ አነባለሁ» እያለ መጽሐፍ ሰበሰበ። የእህል መጋዘን ሚዛን ሠራተኛ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ማታ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይገባል፣ እራቱን በልቶ መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ያንኮራፋል። እናቴ በሕይወት ሳለች መጽሐፉን ከደረቱ ላይ አንስታ መብራቱን የምታጠፋው እሷ ነበረች፤ ከሷ በኋላ ሥራው ለኔ ደረሰኝ።

ሰውየው እጁ ሚዛን ነው። ከረጢት ብድግ አድርጎ «አርባ ሰባት ኪሎ ተኩል» ካለ አለቀ፤ የመጋዘኑ ትልቅ ሚዛን፣ ባስኩላው፣ ሌላ ካለ የሚጠገነው ባስኩላው ነው። ይህን አመሉን ቤት ድረስ ይዞት መጣ። የገዛውን መጽሐፍ ሁሉ በከረጢት ወረቀት ይለብደዋል፤ ጀርባው ላይ ግን ርዕሱን ሳይሆን ክብደቱን ነው የሚጽፈው። «ርዕስ ይዋሻል፣ ግራም አይዋሽም» ይላል። መደርደሪያችን ላይ ስልሳ ምናምን መጽሐፍ አለ፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ። እንግዳ ሲያየው ግራ ይገባው ነበር።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር አልጋ ያዘ። ለካስ የዚያን ሁሉ ዓመት የእህል ብናኝ ሳንባው ውስጥ ሲያጠራቅም ኖሯል። መጋዘኑ እያንዳንዷን ፍሬ ሲያስመዝን፣ አባቴ የማገውን ብናኝ የመዘነለት የለም። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሆስፒታል ገብቶ ነው የማንበቢያ ጊዜ ያገኘው። በአንድ ወር ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ጨረሰና ሌላ አምጪልኝ አለኝ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «ሳምንት ቢቆዩ ነው፤ ብዙ ተስፋ አታድርጊ» አለችኝ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉርና የሰው ወሬ ሳበጥር እውላለሁ፤ ማንበብ የሚመስለኝ የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ «ጥድፊያ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። እንግዲህ ጥድፊያ መደርደሪያው ፊት ቆመች፣ ቁጥሮቹን አየች፣ ከሁሉ የሚቀለውን አነሳች። ሁለት መቶ አስር ግራም። ይህንንስ ይጨርሰዋል ብዬ ነው። እንዲህ ማሰቤን ለራሴም ማመን አልፈለግኩም።

ረቡዕ ወሰድኩለት። ተቀበለኝና ሳይገልጠው መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ሁለት መቶ አስር» አለ። «ሐኪሟ ምን አለችሽ?»

ክው አልኩ። «ምንም አላለችኝም አባዬ። ለመያዝ እንዲቀልህ ብዬ ነው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉም ቶሎ አልለቀቀውም። ጎኑ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልን።

«ስሚኝ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «የሚያልቅ መጽሐፍ አልፈልግም። ጨርሼ ጣሪያ እያየሁ ልጠብቀው እንዴ? እንደተመሰጥኩ መጥቶ ይውሰደኝ። የማይለቅ መጽሐፍ ነው የምፈልገው።»

«የማይለቀውን በምን አውቄ? እኔ አንብቤ አላውቅ!»

«ድስት ሙሉ ውሃ ጥደሽ አንብቢ። ሲፈላ ከሰማሽው መጽሐፉን መልሺው። ድስቱን ካሳረረብሽ እሱ ነው። እናትሽ ስትመርጥ እንደዚህ ነበር። ስንት ድስት ፈጅታብኛለች!»

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ለጠያቂ በሩ ሲከፈት እዚህ ነኝ» አልኩት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። «አንብበሽ ነው የምትመጪው።»

ሐሙስ ከሥራ ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ጥጄ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ስድስት መቶ ሰባ ግራሙ መጽሐፍ አንድም ሰው ሳያስተዋውቀኝ ስለ አየሩ ሁኔታ አራት ገጽ አወራኝ፤ ውሃው ሲንተከተክ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሦስት መቶው ምክር ነበር፤ ምክር ከደንበኞቼ ጠግቤያለሁ። ስምንት መቶ አርባው አባቴ ለጡረታዬ ብሎ ሃያ ዓመት የቆጠበው ነው። እሱ ውስጥ በየገጹ ሰው ያለቅሳል፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን እኔም እነሱም አላወቅንም። ምስኪን አባቴ፣ ለዚህ ነበር የቆጠብከው?

እንደገና ውሃ ሞልቼ አራት መቶ ስልሳውን ገለጥኩ። አንዲት ሴት የሟች ባሏን ጫማ ትሸጣለች። በሳምንቱ ጫማውን መንገድ ላይ በማታውቀው ሰው እግር ታየዋለች። ትከተለዋለች። እኔም ተከተልኳት። ሰውየው ቤቱ ገብቶ በሩን ክፍት ይተወዋል፤ እሷም ትገባለች። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ያነቃኝ የቃጠሎ ሽታ ነው። ድስቱ ደርቆ ጠቁሯል። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። «አገኘሁልህ!» ብዬ ባዶ ቤት ውስጥ ጮህኩ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ሰዓት አልፏል።

መጽሐፉን ብብቴ ሥር ወትፌ ሮጥኩ። ክፍሉ ስደርስ የአባቴ አልጋ አንሶላው ተነስቶ ፍራሹ ታጥፏል። ሁለት መቶ አስር ግራሙ ኮመዲኖው ላይ አለ፤ ማንም አልከፈተውም።

ሰዓት ሠሪው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አሁን ነው። ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

«ጠብቆኝ ነበር?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሩን ሲያይ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ‹ልጅህ ዛሬ ዘገየች እኮ› አልኩት። እንዴት ደስ እንዳለው! ‹ከዘገየችማ አግኝታዋለች› አለኝ።»

የነገርኳቸው ሁሉ ይህ ያጽናናል ይሉኛል። እኔን አላጽናናኝም። አባቴ በር በር ሲያይ እኔ የማላውቀው ሰው ጫማ ስከተል ነበር። መጽሐፉን ካቆምኩበት አልቀጠልኩም። ውሃ ስጥድ ግን እስኪፈላ ድረስ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ።