የእሑዱ ብየዳ

አባቴ በያጅ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ዚንክ የተቀባ ቱቦ ይበይዳል። በሰባተኛው ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ ግቢያችን ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ቁርጥራጭ ቱቦ ይበይዳል። እሑድን ከዚንኩ ጭስ ያረፈ በያጅ ልምዱን ያጣና ሰኞ ማታ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ማክሰኞ ይተወዋል። እናም አባዬ እረፍቱን ሰረዘ። «ሰውነት እንዳይረሳ ነው» ይላል። የገዛሁለት የመተንፈሻ ጭምብል ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ጠጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ወረቀት አለመሆኑን አውቃለሁ፣ ሌላውን ግን አፍ አውጥቼ አልልም።

እኔን ያሳሰበኝ የጠዋት ሳሉ ነበር። በየወሩ እየረዘመ ሄዷል።

ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ የሰውን የአየር ቧንቧ ውስጡን የሚሸፍኑ ሕዋሳት በትንንሽ ሳህን አሳድጋለሁ። አንድ ቀን ነገሩ ከነከነኝ። የአባዬ አባባል እውነት ቢሆንስ? አለቃዬን አስፈቅጄ አንዱን ሳህን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ዚንክ አቀመስኩት፤ ሌላውን ተውኩት። ከዚያ ለሁለቱም ብዙ ሰጠኋቸው። ያልለመዱት አለቁ። የለመዱት ብረቱን ይዞ የሚያስር ፕሮቲን አከማችተው ኖሮ ተረፉ።

ለአባዬ ስነግረው ደረቱን ነፋ። «አላልኩሽም? እስቲ ጀግኖቹን አሳዪኝ።»

ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ወሰድኩት። መጀመሪያ ዚንክ ነክቶት የማያውቅ ሳህን ማይክሮስኮፑ ስር አደረግሁለት። ሕዋሳቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ነፋስ እንዳገኘው የስንዴ ማሳ ይወዛወዛሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየጠረጉ። የገባውን ቆሻሻ ወደ ላይ ይገፉታል።»

ቀጥዬ የለመዱትን አስገባሁ። አባዬ የብየዳ ስንጥቅ እንደሚፈልግ ሰው ማስተካከያውን ራሱ አዞረው።

«ፀጉሮቹስ?»

«አብዛኞቹ ረግፈዋል። አሁን የሚሠሩት አክታ ነው።»

«ግን በሕይወት አሉ።»

«አሉ አባዬ። ለምደውታል።»

ሳሉ መጣበት። ሲያበቃለት፣ «ቢያርፉ ይበቅልላቸዋል?» አለኝ።

«አላውቅም። እሱን ገና አልሞከርነውም።» እውነቱን ስነግረው ፈራሁ።

እሑድ የብየዳ ማሽኑ አልተነሳም። ሰኞ ጠዋት ሚስማሩ ባዶ ነበር። ማታ ብርድ ልብስ አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። እራት በላን፤ ግንባሩን ዳበስኩት፤ ትኩሳት የለውም።

«ይኸው፣ እሑድን አርፌም አላመመኝ» አለና የጭምብሉን ማጣሪያ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ነጭ ነበር፤ አሁን ጠቁሯል። በጣቱ ነካው።

«ይሄ የአንድ ቀን ነው?»

«የአንድ ቀን።»

አባዬ በያጅ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ማጣሪያውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ብዙ አየው።

«የሌላው ቀንስ የት ነው ያለው?» አለና፣ መልሴን ሳይጠብቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።