የታሸገው አልኮል

አባቷ ከፖርቱጋል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት የወይን ተክል ቁራጭ አንድ ገንዳ የሚሞላ ፍሬ ለመስጠት አምስት ዓመት ፈጀ። ቱሪጋ ይባላል፤ ፍሬው ከጥፍር አይበልጥም፣ ኩራቱ ግን አይጣል ነው። ዘንድሮ ሲያፈራ ደግሞ ሐኪሙ ሽማግሌውን "የሚወዱትን ስጧቸው" ብሎ ወደ ቤት ሸኛቸው። የሚወዱት ይህንኑ ነበር፤ ከራሳቸው ተክል የተጠመቀ ጣፋጭ የወይን ጠጅ፣ አንድ ስኒ።

ጣፋጩ ወይን ልቡ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። እርሾው ስኳሩን እስከ ግማሽ ሲበላ ብርቱ አልኮል ይደፋበታል፤ እርሾው ይሞታል፣ ጣዕሙ ይቀራል። አልኮሉ ከዘገየ እርሾው ስኳሩን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። አልኮሉ እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከገንዳው አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጧል። ግን በኤክሳይዝ ታክስ መሥሪያ ቤት ማኅተም ታሽጓል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው በቀር ማንም አይከፍተውም። አምና አንድ ጎረቤት ራሱ ቢከፍት ወይኑን እንዳለ ቦይ ውስጥ ደፍተውበታል።

ሐሙስ ጠዋት ገንዳው ውስጥ የሚፈላውን ወይን ስኳር ለካች፤ ግማሽ ደርሷል። ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ያለው የኤክሳይዝ ሰው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ደወለችለት።

"እህቴ፣ ትናንት እኮ ተዛወርኩ" አላት።

"ታዲያ ማን ይክፈትልኝ?"

"የሚተካኝ ሰው ሰኞ ይመደባል።"

"ወይኑ ሰኞ ድረስ አይጠብቀኝም!"

"ይገባኛል። ግን ምን ላድርግልሽ? ሥልጣኑን አስረክቤያለሁ።"

ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር። ጨዋ ሆኖ ጭራሽ አቃጠላት።

ፍላቱ እንዲዘገይ ገንዳውን በበረዶ ከበበችው፣ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። ወይኑ ምን ገዶት፣ መንተክተኩን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ፒንሳ ይዛ ማኅተሙ ፊት ቆመች። ከዚያ አባቷ በመስኮት እያዩ ወይኑ ቦይ ሲወርድ ታሰባት፤ ፒንሳውን ቦታው መለሰችው።

"ደረሰ እንዴ?" ብለው ተጣሩ ከአልጋቸው።

"ትንሽ ነው የቀረው፣ አባዬ።"

ቅዳሜ ጠዋት ስኳሩ አልቆ ነበር። ብትቀምሰው ምላስ የሚያኮማትር ደረቅ ወይን ሆኗል። የአባቷ መስኮት ክፍት ስለነበር አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። የሚቀጥለውን ፍሬ እንደማያዩት ታውቃለች።

እሑድ ጠዋት አንድ ስኒ ቀዳች፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት፣ እጇ እስኪዝል አማሰለች። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ተቀበሏት። ጠጡ። ጥርሳቸው መሃል ያልሟሟ ስኳር ቀርጨም ሲል ሰማች።

የቀረውን ቀስ ብለው ጨለጡት።

"ይሄ ነው!" አሉ። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።"

ስኒውን ሲመልሱላት ሥሩ የቀረውን ስኳር እንዳታየው አፉን በመዳፋቸው ሸፍነው ሰጧት።