እምቦጭ የያዛት ጀልባ

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃስቶ ጠፋ። ባለጀልባው ጥዑመ ልሳን ሞተሩን ከውኃው ቀና አድርጎ፣ የተጠመጠመበትን የእምቦጭ ሥር በቢላዋ ይቆርጥ ጀመር። ጣና በፊትም በኋላም አይታይም፤ ውኃው አረንጓዴ ቅጠል ለብሷል።

«ነፋሱ ካልዞረልን እዚሁ ነን» አለ።

ገድሉ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠችው ሴት ዓይኑን አሸሸ። ሰብለ ወንጌል ትባላለች፤ እሱ የጥገና ኃላፊ በሆነበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ማሽን የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች ወሰደባት። በአደጋው ሪፖርት ላይ «ሠራተኛዋ ባለመጠንቀቋ» ተብሎ ተጻፈ። የማሽኑን መከላከያ ክዳን ለጥገና ፈትቶ ሳይመልስ የሄደው ገድሉ መሆኑን ከእሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆሞ «አቤቱ ማረኝ» ይላል። ምሕረቱ ብዙ ነው፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ ለሰው መናገር ምን ያደርጋል? ዛሬም በደሴቱ ገዳም ላሉት የንስሐ አባቱ ነግሮ፣ ቀኖናውን ተቀብሎ፣ ማንም ሳይሰማ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ግን ለጠበል የምትሄደውን ሰብለ ወንጌልን አገኛት።

«አይጨነቁ ጋሽ ገድሉ» አለችው፣ በነጠላዋ የሸፈነችውን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ። «ከዚህ የባሰም አልፏል። እጄ በሙሉ አለመሄዱ የእሱ ቸርነት ነው። ጥፋቱስ የእኔው ነበር፤ ቸኮልሁ።»

ገድሉ መሸሻ ፈለገ። በስተቀኝ እምቦጭ፣ በስተግራ እምቦጭ። በየማለዳው የሚለምነው ምሕረት እስከ ዛሬ መደበቂያው ነበር፤ አሁን ግን ያው ምሕረት ከፊቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው መሰለው።

«አንቺ አልቸኮልሽም» አለ። «ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሳልመልሰው ሄድሁ። ኋላም ፈራሁና ዝም አልሁ።»

የጥዑመ ልሳን ቢላዋ ቆመ።

«አምስት ወር ሙሉ ራሴን ስረግም» አለች ሰብለ ወንጌል፣ «አንተ ታውቅ ነበር።»

አንተ ብላው አታውቅም።

«ይቅር በይኝ።»

«እግዜር ይማርህ ልል ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።»

ስልኳን በግራ እጇ አወጣች። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ቁጥር ፈልጋ ደወለችና ዘረጋችለት። «ለእኔ የነገርኸኝን ለእሳቸው ንገራቸው።»

ስልኩ ጠራ። ሥራው፣ ስሙ፣ ቤት የሚጠብቁት ልጆቹ ተራ በተራ ታዩት። መዝጋት ይችል ነበር። «በቸርነትህ ያዘኝ» አለ በልቡ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

«ሃሎ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ገድሉ ነኝ» አለ። «ጣና ላይ ነኝ። ሰብለ ወንጌልም አጠገቤ አለች።»