ማን ሆኜ ልምጣ

ሉጥፊያ ሱዳን ውስጥ፣ ሳጃና በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች፤ የወሎ ሰው። ልጇን ኢስሐቅን ያሳደገችው ሰው ቤት እየሠራች ነው። አባቱ ሱዳናዊ ሹፌር ነበር፣ ልጁ ገና ዳዴ ሳይል አባትየው ሞተ። ያ ልጅ አድጎ የጦር ኮሌጅ ገባላችሁ። ጠዋት ሰልፍ፣ ከቁርስ በኋላ ፊዚክስ፣ ከሰዓት ደግሞ ራዲዮ እየፈቱ መግጠም። ሲጨርስ የኤሌክትሮኒክስ ዲግሪም የመኮንንነት ማዕረግም አለው። ሉጥፊያማ «የኔ ልጅ መብረቅ ነው የሚማረው» ትል ነበር።

ቤተሰብ እንዲጠይቅ የተፈቀደ ዕለት፣ «ስንቅነሽ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» ብላኝ በአውቶቡስ አብረን ሄድን። ልጁ የደንብ ልብሱ አምሮበታል። እያወራን ሳለን አለቃው መኮንን ወላጆችን ሰላም እያለ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሉጥፊያ ምን ታድርግ? ልጇን የሚያስተምርላትን ትልቅ ሰው እንዳገሯ ደንብ ነዋ ሰላም የምትለው! ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ኢስሐቅ፣ ሐበሺያዋ ጫማህንም ትጥረግልህ እንጂ!» አለ አንዱ፣ ሠራተኛው መስላው።

መኮንኑ ቆጣ ብሎ አየውና ወደ ኢስሐቅ ዞረ። «ምንህ ናት?»

ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ በሆዴ «በል እንጂ ልጄ፣ በል!» እላለሁ። እሷ ፊቱን አይታ በዐረብኛ ቀደመችው፤

«ጎረቤቱ ነኝ፣ ጌታዬ። እናቱ አሟት ነው የላከችኝ።»

ኢስሐቅም አላስተባበለም። ያመጣንለትን ምግብ ተቀብሎ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲያ ሉጥፊያ ወደ ኮሌጁ እግሯን አላነሳችም። ጉዱ ምን መሰላችሁ ልጆቼ፣ መኮንኑ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኢስሐቅን ባየው ቁጥር «እናትህ ተሻላት?» ይለዋል። እሱም «አልሐምዱሊላህ ጌታዬ» እያለ ትምህርቱን ጨረሰ። «አክስቴ፣ ፈተናው አይደለም፣ ይቺ ጥያቄ ናት ላብ በላብ የምታደርገኝ» ብሎኛል፣ እኔን ማየት አቅቶት።

ሊመረቅ ሲል መጣ።

«ያላ ኡሚ፣ በይ እናቴ፣ አዲሱን ቶብ አዘጋጂ። ነገ ምረቃ ነው።»

«ማን ሆኜ ልምጣ?»

ቆቡን አውልቆ አጠገቡ አኖረ።

«ጎረቤት ከሆንኩማ ስንቅነሽ ትበቃሃለች።»

«እናቴ ሆነሽ» አለ፣ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው።

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ። ሂድና ለሰውየው ንገረው።»

ቆቡን አንስቶ ወጣ። እኔ ልቆጣት አሰብኩ፤ ልጁ በዲግሪው ቀን ብቻውን ሊቆም ነው ብዬ። ደግሞ ያን ዕለት አብሬያት ቆሜ ዝም ማለቴ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

በማግስቱ ማልዶ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። አይቶኝ፣ አይቶኝ አለፈ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሉጥፊያ ተነስታ ቶቧን አወጣች። ረጅሙን ጨርቅ እንደ ሱዳን ሴቶች ስትጠመጥመው ጫፉን ያዝኩላት። ልጁ ወደ እኛ ለመዞር አፍሮ፣ ጆሮው ደም መስሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ይጠብቃታል።